ከእጅ በፊት ዓይን

ሲካን ሲያዩት የዋህ ዓሣ ነው። አሽዶድ ላይ፣ ሜዲትራኒያን ዳር በመንጠቆ ከሚወጡት አብዛኞቹ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይረዝሙም። ቀለሙ ወይራማ ሆኖ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ቢጫ መስመሮች ከራሱ ወደ ጭራው ተስለዋል። አፉ ትንሽ ናት፤ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ ስትግጥ ትውላለች። ጀርባው ላይ ግን 13 እሾህ ተደርድሯል። ከሆዱ ሥር ወደ ጭራው በኩል ሌላ 7 አለ። ሁለቱ የሆድ ክንፎችም ሁለት ሁለት ይዘዋል። ሲደመር 24 ይሆናል። እያንዳንዱ እሾህ በጎኑ ቦይ አለው፤ በቦዩ ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ሥጋ ተኝቷል። እሾሁ ሲወጋ የሸፈነው ስስ ቆዳ ይቀደድና መርዙ ወደ ቁስሉ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የሆድ ክንፉ ነው። የሌላው ዓሣ የሆድ ክንፍ እሾህ ቢኖረው በውጭ ጠርዙ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ለስላሳ ነው። የሲካን ግን በውጭም በውስጥም ጠርዝ እሾህ ቆሞበታል፤ በመካከላቸው ሦስት ለስላሳ ዘንጎች አሉ። ዓሣ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ቤተሰብ ከሌላው ሁሉ ነጥለው የሚያውቁት በዚህች ምልክት ነው። ለአጥማጅ ደግሞ ምልክቷ የምትነግረው ሌላ ነገር አለ፦ ከላይ ብትይዘው፣ ከሥር ብትይዘው፣ ሆዱን ደግፌ ላንሳው ብትል መግቢያ የለህም። ያለችህ ከስንጥቡ ክዳን ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ጎኑ የምትገኝ ጠባብ ቦታ ብቻ ናት። የሠለጠነ እጅ ያቺን ቦታ ሳይፈልግ ያገኛታል።

እንዲህ ያለ እጅ ያየሁት በአሽዶድ ማሪና የድንጋይ መከላከያ ላይ ነው። ባለቤቱ ከደምቢያ የመጡ አዛውንት ናቸው። በ1991 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ አብረው ገቡ። ልጅ ሳሉ የሚያውቁት ውሃ ጣና ነው፤ ዓሣ ሲባልም ቆሮሶና አምባዛ። የጨው ውሃ ዓሣን የተማሩት ጎልምሰው፣ እጃቸው በሌላ ሥራ ከጠነከረ በኋላ ነው። የጀማሪ ዓይን ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ለዚህ ይመስለኛል።

ሲካን ሲይዙ የሚያደርጉትን ልዘርዝረው፤ ፈጣን ስለሆነ ያልተዘጋጀ ሰው አያየውም። ክሩን እየጠቀለሉ ዓሣውን ወደ ድንጋዩ ጫፍ ያመጡታል፤ የዘንጋቸውን ጫፍ ቀና አድርገው የባሕር ውሃ ከተሞላ ባልዲ በላይ ያንጠለጥሉታል። እዚያ ላይ ቆም ይላሉ። ዓሣው ይወራጫል፣ እሾሁን ሁሉ ይገትራል። እሳቸው አይነኩትም፤ ያዩታል። አፉን ያያሉ፣ ጀርባውን ያያሉ፣ ከዚያ ጭራውን። ቀጥሎ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ዝቅ ያደርጉታል። በግራ እጃቸው ረዘም ያለ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ይዘው ያቺን ከስንጥቡ ክዳን ጀርባ ያለች ቦታ ይቆነጥጣሉ፤ አይጨምቁም፣ እንዳይዞር ያህል ብቻ ነው። በቀኛቸው ያለው አፈ ቀጭን ፒንሳ የመንጠቆውን ግንድ ይይዛል፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ገልበጥ ያደርጉታል፤ መንጠቆው በገባበት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። መቆንጠጫው ይላቀቃል። ዓሣው ባልዲው ውስጥ ነው።

ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የእሾሁ ጫፍ የሚደርስበትን ክብ በልባቸው ሥለውታል፤ ከጣታቸው አንዱም ያን ክብ አያቋርጥም። ዓሣው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክቡ አብሮት ይሄዳል፣ የእጃቸው አቀማመጥም እኩል ይቀየራል። ችኮላ የለም፤ መንቀርፈፍም የለም። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የሳቸው ሙያ ግን በግልጽ ይታያል፣ የሚታየውም እጃቸው በማይሄድበት ባዶ ቦታ ላይ ነው።

መንጠቆአቸውንም ቀርቦ ማየት ይገባል። የተራ መንጠቆ ጫፍ ከግንዱ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ላይ ይቆማል፤ ዓሣው ከዋጠው ጉሮሮም ይሁን ሆድ ያገኘው ላይ ይሰካል። እሳቸው ለትልልቅ ዓሦች የሚያስሩት ክብ መንጠቆ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግንዱ ዞሮ ታጥፏል፤ መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ ብታየው ምንም ነገር የሚይዝ አይመስልህም። ዓሣው ማማለያውን ውጦ ሲሄድ ክሩ ቀስ እያለ ይወጠራል። የታጠፈው ጫፍ ጉሮሮው ላይ የሚሰካበት መንገድ ስለሌለው እየተንሸራተተ ይወጣል፤ የአፉ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይዞርና መንጋጋውን ይይዛል። ብልሃቱ ያለው በእጥፋቱ ልክ ነው፤ ትንሽ ከተቃና ተራ መንጠቆ ይሆናል፣ ትንሽ ከጠበበ ዓሣ አይይዝም። ጀማሪ የሚያበላሸው ክሩ ሲነቀነቅ መንጭቆ ሲስብ ነው። ክብ መንጠቆ ምንጨቃ አይወድም፤ ረጋ ብሎ መጠቅለል ይበቃዋል።

ለሲካን ጠባብ አፍ ደግሞ ትንሽ ተራ መንጠቆ ይመርጣሉ፤ ከጫፉ ወደ ኋላ የተመለሰችውን ስንጥር ግን በፒንሳ ይጨፈልቋታል። እንዲህ ያለ መንጠቆ አንዳንዴ ዓሣ ያስመልጣል። የቀረው ግን ከንፈሩ ሳይቀደድ ይወጣል፤ የማውጫው ጊዜም በጣም ያጥራል። የመንጠቆ ሥራ ከብረት በፊት የነበረ ጥበብ ነው፤ በኦኪናዋ ሳኪታሪ በሚባል ዋሻ ውስጥ ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተፋቁ የተሠሩ መንጠቆዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜአቸው 23 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ያኔም አንድ ሰው እጥፋቱን በዓይኑ እየለካ ፍቆታል።

መርዘኛ እሾህ የሌለውን ዓሣ በእጃቸው ይይዛሉ፤ እጃቸውን ባሕር ውሃ ውስጥ ሳይነክሩ ግን አንድም ዓሣ አይነኩም። የዓሣ ቆዳ እንደ ተልባ ውሃ የሚያሟልጭ ልባስ አለው። ይህ ልባስ ተራ እርጥበት አይደለም፤ ጀርሞችን የሚያግድ፣ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ጨውና ውሃ እንዳይዛባ የሚያግዝ አጥሩ ነው። በደረቅ መዳፍ፣ በደረቅ ፎጣ፣ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ሲንከባለል ይገፈፋል። ወደ ባሕር የተመለሰው ዓሣ ጭራውን መትቶ ሲሄድ ደኅና ይመስላል፤ አጥሩ የፈረሰበት ቦታ ግን ለበሽታ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ለምግብ የማይሆነው፣ ገና ያላደገው ዓሣ በሳቸው እጅ ምልክት ሳይተርፍበት ይመለሳል። እርጥብ መዳፋቸው ከራሱ ጀምሮ ወደ ጭራው ይወርዳል፤ በዚያ አቅጣጫ ሲሄድ የጀርባው ክንፍ ራሱ ይተኛል። ሁለተኛው እጅ ከሆዱ ሥር ይገባል። ባሕር ውስጥ የሆድ ዕቃውን ክብደት የሚሸከምለት ውሃው ነው፤ አየር ላይ ሲወጣ የሚሸከምለት መዳፍ ይፈልጋል። ትልቅ ዓሣ በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥሎ ፎቶ መነሣት የተለመደ ነው፤ ለሚለቀቅ ዓሣ ግን ከባድ ጉዳት ነው። በስንጥቡ ውስጥ ጣት ማስገባትም እንዲሁ፤ ስንጥብ ማለት የዓሣ ሳንባ ነው፣ ደሙ ከውሃ የሚለየው በስስ ሽፋን ብቻ ነው።

አብሯቸው የሚመጣ ወጣት አለ፤ የእኅታቸው የልጅ ልጅ ነው። ማጥመድ ከጀመረ ብዙ አልቆየም። ለእሱ ያወጡለት ሕግ አጭር ነው፤ ዓሣ ባልዲው ላይ ሲንጠለጠል ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ ስም ካልጠራ እጁ ወደ ፊት አይመጣም።

«ምንድን ነው?» ይሉታል።

«ሳርጎስ ነው፣ ጋሼ።»

«ሳርጎስማ ዘሩ ነው። የትኛው ነው እያልኩህ ነው?»

ልጁ ጎንበስ ይላል። የሳርጎስ ዘመዶች ሁሉ ከርቀት ብርማ፣ ጠፍጣፋና ሞላላ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ጥቁሩ ቀለም በተቀመጠበት ቦታ ነው። ዋናው ሳርጎስ ጭራው ከመዘርጋቱ በፊት የምትቀጥነዋ ቦታ ላይ ሰፋ ያለ ጥቁር ጠቃጠቆ አለው፤ በጎኑ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮችም አሉ። ሌላው ሁለት ጥቁር ቀበቶ ታጥቋል፤ አንዱ ማጅራቱ ላይ፣ አንዱ ጭራው ሥር። ሦስተኛው ትንሽና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ ጥቁሯ ቀለም የጭራውን ሥር ቀለበት ሆና ትዞረዋለች። አራተኛው ከንፈረ ወፍራም ነው፤ ሰፋፊ ቡናማ ቀበቶዎች ከጀርባው ወደ ሆዱ ይወርዳሉ። ከነሱ ጋር የሚዛመደው ዴኒስ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል የወርቅ ማሰሪያ አለው፤ በስንጥቡ ክዳን ጫፍ ደግሞ ጥቁር ጥላ። ማርሚር አፈ ረዥም ነው፣ አሸዋ ሲቆፍር የሚውል፣ ከራስ እስከ ጭራ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች የተሠመሩበት።

ወጣቱ መጀመሪያ ላይ ያየው የነበረው ብሩን ነበር፤ ብር ደግሞ ሁሉም ላይ አለ። አዛውንቱ ያስተማሩት ከጭራ መጀመርን ነው። ጭራው ሥር ጥቁር አለ ወይስ የለም? ካለ ጠቃጠቆ ነው፣ ቀለበት ነው፣ ቀበቶ ነው? ከዚያ ወደ ማጅራት። ከዚያ ዓይን። በመጨረሻ አፍ። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይኑ አይባክንም። ይህንንም የሚያደርገው ዓሣው በሕይወት ሳለ ነው፤ ዓሣ ሲሞት ቀለሙ ቶሎ ይለወጣል፣ ከባሕር ሲወጣ የደመቀው መስመር ቆይቶ የማይታይ ይሆናል።

የማይለወጠው የእሾሁ ቁጥር ነው። ይህን ካወቁት ሁሉ ሥራውን እያሰብኩ የምደነቅበት ሰው ፔተር ፎርስኮል ነው። የተፈጥሮ ሊቁ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር ነበር፤ በ1761 መጀመሪያ ከኮፐንሀገን ከተነሣው የዴንማርክ ጉዞ ጋር ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም በቀይ ባሕር በኩል ወደ የመን ሄደ። ሙያው በዋናነት ዕፀዋት ነበር፤ ዓሣ ሲያገኝ ታዲያ በሚያውቀው ብልሃት ያዘው። ዓሣውን ለሁለት ይከፍለዋል፣ የአንዱን ጎን ቆዳ ከግማሽ ራሱና ከክንፎቹ ጋር ይገፍፈዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይጫነዋል፣ እንደ ቅጠል ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ይህን የሠራው በዚያ ሙቀት፣ ዓሣ በሰዓታት በሚበሰብስበት አገር ነው። በ1763 የመን ውስጥ ያሪም ላይ በወባ ሞተ፤ ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር። የፎርስኮልን ማስታወሻ በ1775 ያሳተመውም ኒቡር ነው፤ ይህን ባለ ቢጫ መስመር ሲካን ጨምሮ ብዙ የቀይ ባሕር ዓሣ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ፎርስኮል ከዓረብ አጥማጆች አፍ የሰማቸውን ስሞችም አልጣላቸውም፤ ቦሃር፣ ሶሃል፣ ሐራክ ዛሬም በሳይንሱ ስም ውስጥ አሉ።

ወረቀት ላይ የተለጠፉት ቆዳዎች ኮፐንሀገን በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ቀለማቸው ጠፍቶ ቡናማ ሆነዋል። እሾሆቻቸው ግን አንድ በአንድ ተዘርግተው ስለደረቁ ዛሬም ይቆጠራሉ። አንድን ክንፍ ሳይሰበር ዘርግቶ ማድረቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ሲካን ወስዶ ይሞክረው፤ ጓንት አድርጎ።

አሽዶድ ላይ የሚወጣው ሲካን ሁለት ዓይነት ነው። አዛውንቱ ባልዲው ላይ ሆነው ጭራውን የሚያዩት ለዚህ ነው፤ ፎርስኮል የሰየመው ጭራው መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ነው፣ ሁለተኛው ጠቆር ያለና ጭራው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ጠቆር ያለውን በ1829 የሰየመው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል በ1831 ምጽዋ ላይ ወረደ፣ ከዚያም ወደ ላይ ወጥቶ ጎንደር ተቀመጠ፤ ኋላ ስለ ሐበሻ አገር እንስሳት ባሳተመው መጽሐፉ የቀይ ባሕርን ዓሦችም አካተተ። ለደምቢያው አዛውንት ይህን ስነግራቸው በጣም ነበር የተገረሙት፤ ከትውልድ ቀያቸው አጠገብ ያለፈ ሰው ባሕር ማዶ የሚያጠምዱትን ዓሣ ስም ማውጣቱ።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ሁለቱም ሲካኖች ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን ገቡ። እንዲህ ተሻግረው የገቡት የዓሣ ዓይነቶች ዛሬ ከ100 በላይ ናቸው። ከነዚህ መካከል አንዱን ሳላነሣ አላልፍም፤ አቡ ነፍሐ ይሉታል፣ ተነፋፊው ዓሣ። በሜዲትራኒያን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2003 ቱርክ ውስጥ ነው። ውብ ዓሣ ነው፤ ጀርባው አረንጓዴማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፣ በጎኑ ከአፉ እስከ ጭራው የብር ቀበቶ ይሄዳል፣ ሆዱ ነጭ ነው። አፉ ውስጥ አራት ጥርስ አለ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ተገጣጥመው ስለት ሆነዋል። ናይለን ክር ሲበጥስ ክሩ አይተለተልም፤ ጥርት ብሎ ይቆረጣል። አዛውንቱ ክራቸው ባዶውን ሲመጣ ጫፉን በጣታቸው ይዳስሱና «አቡ ነፍሐ እዚህ ነው» ይላሉ። የሰው ጣትም ለነዚያ ጥርሶች ከባድ አይደለም።

ትልቁ አደጋ ግን በመብላቱ ነው። ጉበቱ፣ ዕንቁላሉ፣ ቆዳው፣ ሥጋውም ሳይቀር ቴትሮዶቶክሲን የተባለ መርዝ አለበት። መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ጡንቻ ይዝላል፣ ሲብስ መተንፈስ ይቆማል። እስራኤል ውስጥ ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 13 ሰዎች በዚህ ዓሣ ተመርዘው መታከማቸው በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ዓሣውን መሸጥም በሕግ ተከልክሏል።

ይህ ዓሣ በሳይንስ የታወቀበት ታሪክ ራሱ ስለ ጥንቃቄ ሥራ ነው። በመስከረም 1774 የካፒቴን ኩክ መርከብ ኒው ካሌዶኒያ ቆማ ሳለ ከአገሬው ሰው አንድ የማይታወቅ ዓሣ ተገዛ። በመርከቧ የነበሩት የተፈጥሮ ሊቃውንት ዮሐን ራይንሆልድ ፎርስተርና ልጁ ጌኦርግ ዓሣው ሳይበስል በፊት ሊሥሉትና ሊጽፉት ተቀመጡ። ክንፍ መቁጠሩ፣ ነጠብጣብ በቦታው ማስቀመጡ ጊዜ ወሰደ፤ መሸ። በዚህ ምክንያት ለእራት የደረሰው ጉበቱና ዕንቁላሉ ብቻ ሆነ፤ ኩክና ሁለቱ ሊቃውንት ከዚያ ቀመስ አደረጉ። ሌሊት ላይ ሰውነታቸው ደንዝዞ ነቁ፤ ኩክ በእጁ የያዘው ነገር ከባድ ይሁን ቀላል መለየት እንደተሳነው መዝግቧል። የሆድ ዕቃውን የበላ አሳማ ሞቶ ተገኘ። ሥዕሉ ቶሎ አልቆ ዓሣው በሙሉ ማዕድ ላይ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ የኩክ ጉዞ እዚያ ሊቆም ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጊዜ የወሰደው ያ የሥዕል ሥራ ሰዎቹን ጠብቋቸዋል፤ ከፎርስተሮች ሥራ ተነሥቶም ዓሣው በ1789 የሳይንስ ስሙን አገኘ።

አሽዶድ ላይ አዛውንቱ አቡ ነፍሐ ሲይዙ ባልዲው ዘንድ አያደርሱትም። ድንጋዩ ላይ ጥለውትም አይሄዱም፤ በመከላከያው ላይ የሚዞሩ ድመቶች ብዙ ናቸው፣ ያ አሳማ ያገኘው ያገኛቸዋል።

ስለ መብላት ሲነሣ ኦሪት የደነገገችው ምልክት አለ፤ ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፣ የሌለው አይበላም። የአዛውንቱ ቤት በዚህ ነው የሚኖረው። ሕጉ ለዓይን ሥልጠና ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ሕጉን የጠበቀ ሰው ዓሣ ሳይመረምር ማብሰል አይችልም፣ አቡ ነፍሐም ቅርፊት ስለሌለው ገና በበሩ ይመለሳል። ለእጅ ግን ሕጉ ዋስትና አይሰጥም። ሲካን ቅርፊት አለው፤ ጥቃቅን ነው እንጂ አለው፣ ንጹሕ ዓሣ ነው፣ እሾሁ ግን ያው መርዘኛ ነው። ስለዚህ ለሆድ የሚደረገው ምርመራና ለእጅ የሚደረገው ምርመራ የተለያየ ነው፤ ጀማሪ ሁለቱን ቀላቅሎ «የሚበላ ነውና አይጎዳም» እንዳይል።

ከጣና ለመጣ ሰው ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእስራኤል ዳርቻ የታየ አንድ የባሕር ዓሣ አለ፤ አፉ ዙሪያ ጢም አለው፣ ቅርፊት የለውም፣ ሰውነቱ ወደ ጭራው እየሾለ ይሄዳል። ከሩቅ ያየው ሐበሻ «አምባዛ!» ብሎ እጁን ይሰዳል። ቀረብ ብሎ ላየው በጥቁር ቡናማ ጎኑ ላይ ሁለት ነጫጭ መስመሮች አሉ፤ እነሱ ከታዩ እጅ ይሰብሰብ። ከጀርባው መጀመሪያ አንድ፣ ከደረት ክንፎቹ ደግሞ አንድ አንድ የተሰነዘሩ ሦስት መርዘኛ እሾሆች አሉት፤ ጫፎቻቸው መጋዝማ ናቸው። የአምባዛ ጀርባ ክንፍ እሾህ የለውም፤ በለመዱት አያያዝ ከላይ ጭብጥ ማድረግ እዚህ የሚያስከፍለው ዋጋ ትልቅ ነው።

ዛህሮን የሚሉት ሌላው መርዘኛ ዓሣ ራሱን ያስታውቃል፤ ቀይና ነጭ የተሸነተረ፣ ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ማንም አይዳፈረውም። የባሰው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ብቻ የሚያወጣው፣ የፊተኛዋ ጀርባ ክንፉ ጥቁር የሆነችው፣ በስንጥቡ ክዳን ላይም እሾህ ያለው ዓሣ ነው፤ ባዶ እግሩን ለሚሄድ ሰው እሱ ይበልጥ ያስፈራል።

ለተወጋ ሰው አዛውንቱ በቦርሳቸው ውስጥ ቴርሞስ አያጡም። የነዚህ እሾሆች መርዝ ሙቀት አይችልም፤ የተወጋውን ቦታ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ፣ እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል። የውሃው ሙቀት የሚፈተነው ባልተወጋው እጅ ነው፤ የተወጋው እጅ መጠኑን በትክክል አይናገርም። የተሰበረ እሾህ ውስጥ ከቀረ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሐኪም ቤት ነው። አቡ ነፍሐ የበላ ሰው ግን ሙቅ ውሃ አይጠቅመውም፤ ወዲያው ወደ አምቡላንስ፣ 101 ይደወላል።

ወጣቱ አሁን ሳርጎሶቹን ሳይሳሳት ይለያል፣ ዴኒስ በእርጥብ እጁ ይይዛል። ሲካን ሲመጣ መቆንጠጫውን ራሱ ያነሣል፤ አዛውንቱ ከጎኑ ቆመው የጣቶቹን መንገድ ይከታተላሉ። ከዚህ በፊት ያላዩት ዓሣ ሲወጣ ደግሞ ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስባሉ። ልጁ ዓሣውን ባልዲው ውስጥ እንዳለ በስልኩ ያነሣዋል፤ ከጎን፣ ራሱ ወደ ግራ፣ የጀርባ ክንፉ ሲዘረጋ ጠብቆ፣ እሾሁ እንዲቆጠር አድርጎ። ቆጥረው፣ ጭራውን አይተው፣ ጥቁር ያለበትን ፈልገው ስም ከሰጡት ተገቢው አያያዝ ይከተላል። ስም ካጡለት ክሩ ከአፉ አጠገብ ይቆረጥና ባልዲው ወደ ባሕሩ ይገለበጣል።